እርም የዘጋው መንገድ

እርሙ የወጣለት ሰው ተመልሶ ሊጠበቅ ይችላል ወይ? ቄስ ጠየቅሁ፤ «ልጄ፣ ሙት ይታሰባል እንጂ አይጠበቅም» አሉኝ። ሐኪም ጠየቅሁ፤ የእንቅልፍ ክኒን አዘዘልኝ። የዘመን መንገዶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊን ጠየቅሁት፤ ሰዓቱን አየ። እኔም እስከ ዛሬ አላውቀውም። ይህን የምጽፈው የሄድኩበትን፣ ያደርኩበትን፣ የበላሁትንና የተዋሸሁትን በተራው ለማስቀመጥ ነው። አብዛኞቻችሁ በዚያ መንገድ አትሄዱም። የሄደ ዘመድ ያላችሁ ግን ትኖራላችሁ፤ ለእናንተ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ አይደለም። ወደ ሠላሳ ዓመቴ ስጠጋ ታናሽ እህቴ ትርሲት በወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈች አስቆጠረችኝ። ከዚያ የማታ ትምህርት፣ ከዚያ አዳማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ማቀበል። ዘግይቶ የተማረ ሰው ዘልሎ ማንበብ አያውቅም፤ ሌላው የሚያልፋትን መስመር እኔ ቆሜ እመረምራታለሁ፤ በዚህም ብዙ ሰው አሰልችቻለሁ። ትርሲት ግን በጊዜዋ ተምራ የዘር ተመራማሪ ሆነች። በእኛ ዘመን የጠፉትን የገብስና የስንዴ ዘሮች ካሉበት ዘመን ለቅማ እንድታመጣ ጽሕፈት ቤቱ ላካት። ከመስቀል በኋላ ሄደች፤ ለገና ትመለሳለች ተባለ።

ገና አለፈ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ከነከረባቱ ቤታችን መጣ። መንገድ ላይ እንደቀረች፣ እንደማትመለስ፣ ጽሕፈት ቤቱም የሐዘናችን ተካፋይ እንደሆነ ነገሩን። አንደኛው ሊወጣ ሲል ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እርምዎን ያውጡ። እርም ሲቆይ ሰው ይጎዳል» አላት። እኛም እንደ አገራችን ልማድ አስከሬን በሌለበት የሚደረገውን ሁሉ አደረግን። ቀሚሷን አልጋ ላይ ዘርግተን፣ ፎቶዋን ይዘን አለቀስን። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት ተዝካሯን አወጣን፤ እናቴ ከል ለበሰች።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ የአእዋፍ አጥኚ የተዋሰውን መጽሐፍ ሊመልስ መጣ። ከመንገድ የተመለሰው በቅርቡ ነበር። ግራ ቀኙን አይቶ፣ እህቴ ቡልቡላ ወንዝ ዳር በሕይወት እንዳለች፣ እንዲያውም ሰላምታ እንደላከችልኝ፣ ጽሕፈት ቤቱ ግን «ለቤተሰብ አትናገር» እንዳለው ነገረኝ። ሰላምታ የላከች ሟች ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ድምፅ የማሰማ ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን ግን የጽሕፈት ቤቱን በር በሁለት እጄ ደበደብኩት። ወሬው እንዳይወጣ ፈርተው ይሁን አዝነውልኝ፣ እንድሄድ ፈቀዱ።

ስለ መንገዶቹ የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። ምድር በስምጥ ሸለቆው እየተሰነጠቀች ነው፤ በስንጥቁ በኩል ሙቀት እንደሚወጣ ጊዜም ይወጣል። መግቢያው የሶደሬ ፍል ውኃ ሲሆን መመለሻው በሻላ ሐይቅ ዳር ያለው ፍል ውኃ ብቻ ነው። ርዝመቱ አይለወጥም፤ ሁልጊዜ ንግሥቲቱ በዙፋን፣ አልጋ ወራሹ በሥልጣን ወዳሉበት፣ ባቡሩ አዳማ ከደረሰ ብዙ ወዳልቆየበት ዘመን ይጥላል። እዚህ አንድ ዓመት ሲያልፍ እዚያም አንድ ዓመት ያልፋል። መምህሩ ዚፕ ያለው ልብስ፣ የእጅ ሰዓት፣ ፌስታል ይዞ መሄድ ክልክል መሆኑን ሲዘረዝር ግማሽ ቀን ፈጀ። ከሶደሬ የበለጠ የሚፈሉ ውኃዎች ሞልተው ሳለ ለምን እዚያ ብቻ እንደሚሠራ ስጠይቀው «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» አለኝ። በእኛ አገር «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ማለት አላውቅም ማለት ነው፤ አላውቅም ቢል ምን ነበረበት?

እናቴን ለሥልጠና ሐዋሳ እሄዳለሁ ብዬ ዋሸኋት። «ማክሰኞ ትደርሻለሽ አይደል?» አለችኝ። እደርሳለሁ አልኳት።

የተነሣሁት ረቡዕ ነው። ሥራው ፍል ውኃው ውስጥ እስከ አንገት ገብቶ፣ ዓይን ጨፍኖ መጥለቅ ብቻ ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ጥርስ ያማል፣ አንድ ነገር ከእምብርት ይዞ ይስባል። ብቅ ሲሉ ውኃው ያው ነው፣ ዳርቻው ግን ሌላ። የሲሚንቶው ገንዳ የለም፤ ቪዲዮ የሚያስቀርጹ ሙሽሮች የሉም። ጦጣዎቹ አሉ። የእኛዎቹ ከእጅ ላይ ሙዝ ነጥቀው የሚሳደቡ ይመስላሉ፤ የዚያ ዘመኖቹ ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ።

ዳር ላይ አንዲት የአርሲ ሴት ደረቅ አቡጀዲ ይዘው ቆመው ነበር። አደ ሎሚ ይባላሉ፤ በዕድሜ ከእናቴ አያንሱም። ከየት መጣሽ አላሉኝም። ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ፣ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡኝና በጮጮ ወተት ሰጡኝ። ያ ቤት ማታ ላሞቹ ሲታለቡ መጀመሪያ አንድ ጮጮ ለእንግዳ ይቀመጥለታል፤ የመጣ እንግዳ ኖረም አልኖረም። ሳይመጣ ካደረ ጠዋት ልጆቹ ይጠጡታል፣ ማታ ደግሞ ሌላ ይቀመጣል። አማታቸውም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ የአማታቸውም አማት።

ረቡዕ መሆኑን ያስታወስኩት ጮጮው ከንፈሬ ሲደርስ ነው። ከመቶ ምናምን ክልክል ነገር ውስጥ መምህሩ የጾም ቀን አትነሡ ለማለት ቦታ አላገኘም። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ጾም ነው አልኩ።

«ጾምሽ ነገም ይመጣል» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው። «ወተቱ ግን ስንት ቀን ጠበቀሽ። ዹጊ፣ ጠጪ።»

ጠጣሁ። ጭስ ጭስ የሚል፣ ወፍራም ወተት ነው። የእኛን የፌስታል ወተት ያስለመደኝን ሁሉ ረገምኩ። ትርሲትን ያውቋት እንደሆነ ስጠይቃቸው በዚያው ቦታ ተቀምጣ እንደጠጣች፣ ሳቂታ እንደነበረች ነገሩኝ። ከዚያ ሌሊት በላይ ተኝቼ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት አደ ሎሚ ቅቤ ሊሸጡ አዳማ ገበያ ይሄዱ ስለነበር ይዘውኝ ወጡ። ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ቀረጥ የሚቀበለው ዘበኛ ቅቤውን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። የማን ሴት ናት? ጌታዋ ማነው? እጇ ለምን ለሰለሰ? ከቤት የኮበለለች ናት፤ ለዳኛ ትቅረብ አለና ክንዴን ያዘ። የእኛም አገር ዘበኛ ቦርሳ ይፈትሻል፣ መታወቂያ ይጠይቃል፤ የማን ነሽ ብሎ የሚጠይቅ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ቀስ ብዬ ሳስበው አጋጥሞኛል፤ ቤት ለመከራየት ስሄድ።

አደ ሎሚ አልጮኹም። ሲዳሩ የተሰጠቻቸውን ቀጭን በትር፣ ስንቄ የሚሏትን፣ በእኔና በዘበኛው መካከል ዘርግተው ቆሙ። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ይህን ሲያዩ ሸክማቸውን እያወረዱ አጠገባቸው መቆም ጀመሩ። ዘበኛው መጀመሪያ ሳቀ። ሴቶቹ ሲበዙ ሳቁ አለቀበት።

«ውሰጅያት» አለ ክንዴን ለቅቆ። «ብቻ እርግማንሽን ከላዬ አንሺልኝ፤ ላሜ እርጉዝ ናት።»

አዳማን አላወቅኋትም። ከተማዋ ጣቢያውና በጣቢያው ዙሪያ የተበተኑ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ናት፤ ሌላው ሣር ክዳንና የቁልቋል አጥር። ነፋሱ ግን ያው ነው፤ ያንኑ አቧራ ያንኑ ዓይን ውስጥ ይበትናል። ባቡሩ ሲያፏጭ ከብት ይደነብራል፣ ሰው እየሮጠ ሊያይ ይወጣል። በእኛ ዘመን ያ ጣቢያ ተዘግቶ በሐዲዱ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እኔ ግን ፉጨቱን ስሰማ እንደ ሰዉ ሮጬ ወጣሁ፤ ሳየውም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አሁንም ያናድደኛል።

ያደርኩት ከቡልጋ መጥተው ጠጅ የሚጥሉና አልጋ የሚያከራዩ ወይዘሮ በለጡ ቤት ነው። ገና ስገባ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ፀጉርሽ አጭር፣ ባል የለሽ፣ ጠጅ አትጠጪ። መነኩሴ ነሽ እንዳልል ጥርስሽ ነጭ ነው። ምን ትሠሪያለሽ?»

መጽሐፍ አነባለሁ አልኳቸው። ቤቱ ውስጥ ያለው ጠጪ ሁሉ ዞር አለ።

«በይ ዳዊት ድገሚልን።»

በቃሌ እንደማላውቅ፣ መጽሐፉን ቢሰጡኝ እንደማነበው ነገርኳቸው። ወይዘሮ በለጡ እስኪታመሙ ሳቁ። መጽሐፉ ሲወሰድብሽ የሚወሰድብሽ ንባብ ምን ንባብ ነው ብለው፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ መዝሙሩን ከመጀመሪያ እስኪደክማቸው እንዲወርዱት አደረጉ። ተዋረድኩ። ግን እራቴን ከራሳቸው መሶብ አበሉኝ፣ ዋጋ ሳነሣ ተቆጡ፤ ቁንጫው ሲበዛብኝ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። የራሳቸው አልጋ ቁንጫ ይብስ ነበር።

ዓርብ አያ ገመቹ ከሚባሉ የጨው ነጋዴ ጋር ወደ መቂ ወጣሁ። በእኛ ዘመን ያ መንገድ አስፋልት ነው፤ የቲማቲም መኪና ተከትለው ቢያረፍዱ እንኳ ለምሳ ይደረሳል። በበቅሎ ግን ጀርባ ያልቃል። እኔ ደግሞ በቅሎ የማውቀው በሥዕል ነው። ገና ከተማው ከዓይናችን ሳይጠፋ ወደቅሁ። አያ ገመቹ አንሥተውኝ አቧራዬን እያራገፉ፣ እንደ እኔ አማርኛው የተጣመመ፣ እንደ እኔም ከበቅሎ የሚወድቅ አንድ ሰው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ እንደሚያጠምድ ነገሩኝ። «ወንድምሽ ነው?» አሉኝ። ወዳለበት እንዲያደርሱኝ ለመንኳቸው። ቀኑን ሙሉ ቆሎ እየቆረጠምን ተጓዝን፤ ሌሊቱን መቂ ወንዝ ዳር፣ እሳት ከበን፣ ጅብ እየሰማን አደርን።

ዓሣ አጥማጁን ቅዳሜ አገኘሁት። በሐይቁ ሰዎች የደንገል ታንኳ ላይ ቆሞ መረቡን ይፈታል። አፉን ከፍቶ ገና ሰላም ሲለኝ የሞጆ ልጅ መሆኑን አወቅሁ፤ የእኛው ሰው ነው፤ የእኛው ዘመን። ድሮ የጽሕፈት ቤቱ ካርታ ሠሪ ነበር። የጠበሰውን ዓሣ በቅጠል አቀረበልኝና ሚስቱን አውቃት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቃትም አልኩ። እሱ ሲዘገይባት ጽሕፈት ቤቱ ሞቷል ብሏት፣ አልቅሳ፣ ሐዘኗን ጨርሳ ሌላ ባል አግብታ ነበር፤ ይህን ከሱ በኋላ የመጣ ጓደኛው ነግሮታል።

«ያገባችበትን ወር ጠይቄ አነጻጸርኩት» አለኝ። «ውኃው እኔን መሳብ የተወው ከዚያ በፊት ነው። ሐዘኗን ስትጨርስ።»

ቂም የለበትም። ይህ ነው ያንገበገበኝ፤ ቂም ሊኖረው ይገባ ነበር። ስለዚህ ነገር ለጽሕፈት ቤቱ በሚመለሱ ሰዎች በኩል ደጋግሞ ልኳል፤ መልስ አላገኘም። ዓሣው ጣፋጭ ነበር፤ ግማሹን ተውኩት። የነገረኝን ነገር እያሰብኩ ስለ ትርሲት አንድም ጥያቄ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ፈራሁ።

እሑድ ከአያ ገመቹ ጋር ቡልቡላ ደረስን። ከተማ የለም፤ ወንዙ ብቻ ነው ቡልቡላ። በእኛ ዘመን መኪና ቆሞ ሐብሐብ የሚገዛበት ቦታ ላይ አጋዘን ቆሞ ያየናል። ከወንዙ ማዶ አንዲት ጎጆ አለች፤ ከጎጆዋ ፊት አንዲት ሴት በሰፌድ ገብስ ታበጥራለች። አቡጀዲ ለብሳለች፣ ፀጉሯ እንደ አገሩ ሴቶች ተሠርቷል፣ ግንባሯ ላይ ሽበት ገብቷል። ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ምነው ቆየሽ እታለም» አለችኝ።

ታላቅ እህት ስለሆንኩ መጀመሪያ ያልኳት ከስተሻል ነው፤ ጫማሽ የት ሄደ ነው። ከዚያ ተቃቅፈን ወደቅን። አያ ገመቹ ፊታቸውን አዙረው የበቅሎዋን ኮርቻ ሲፈቱና መልሰው ሲያስሩ ቆዩ።

ማታ ገንፎ አበላችኝ። ታኅሣሥ ላይ ወባ ጥሏት፣ ከአልጋ የተነሣችው ጾም ሲገባ ነበር። ያኔ ሻላ ወርዳ ውኃው ውስጥ ገባች፤ ጆሮዋ ተደፈነ፣ መንገዱ ሳባት። ትኩሳቱ ስላልለቀቃት ግን ይህን መንገድ አልችለውም ብላ ወጣች። ከፋሲካ በኋላ ድና ስትመለስ ውኃው ውኃ ብቻ ሆኖ ጠበቃት። ይህን እንደ ሥራዋ ዘገባ አድርጋ ነገረችኝ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣

«እማዬ መቼ ነው የሞተችው?» አለች።

«ማን ሞተ?»

«እማዬ። አልቅሼላት ዓመት አለፈኝ። ሁለታችሁንም አልቅሻለሁ፤ ለአንቺ ሰላምታ የላክሁት ምናልባት ብዬ ነው፤ ዛሬ ስትመጪ አንቺን ተሳስቻለሁ አልኩ።»

እማዬ ቤቷ እንዳለች፣ ማክሰኞ ትደርሻለሽ ብላ እንደምትጠብቀኝ ነገርኳት። እጇ ገንፎው ላይ ቀረ። ያኔ ነው መንገዱ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳችኝ፤ ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ሁሉ መሣሪያው ያልጻፈውን።

«ስንጥቁ በዚህ ሸለቆ ሁሉ ነው፣ ሙቀቱም ሁሉ ጋ ነው። ሙቀት ቢበቃ ኖሮ ውኃው ውስጥ የወደቀ ድንጋይም እናንተ ጋ ይደርስ ነበር። ወዲያኛውን ጫፍ የሚከፍተው የሚጠብቅ ሰው ነው። እዚህ ያወጡን አደ ሎሚ ናቸው፤ በየማታው ይጠብቃሉ፤ ሌሎቹ ውኃዎች የማይሠሩት ዳራቸው ላይ አደ ሎሚ ስለሌሉ ነው። ለመመለስ ደግሞ ቤት ውስጥ ትመጣለች ብሎ የተቀመጠ ያስፈልጋል። እኔን የሚጠብቅ ሲጠፋ፣ ሞታችኋል አልኩ። ሌላ ምን ልበል?»

ከፋሲካ በኋላ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። መልሱን እያወቅሁ ነበር የጠየቅሁት። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት አለች። ፊቴን አየችው።

«ምን አደረጋችሁ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስለ ከረባቶቹ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ቀሚሷ። መጀመሪያ ሳቀች። የትኛውን ቀሚስ ነው የዘረጋችሁት፣ ሰማያዊውን እንዳይሆን፣ ይጠበኛል ብዬ ትቼው ነበር አለች። ንፍሮው ለሰዉ በቅቶ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ጉልበቴን ያዘች።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት። አለች ብትያት ለምን አትመጣም ትልሻለች፤ ለምን እንደማልመጣ ብትነግሪያት፣ በእንባዋ በሩን እንደዘጋችብኝ ብታውቅ፣ ትሞትብሻለች። ማይልኝ። ትርሲት ትሙት በይ።»

አንዴ ቀብሬያታለሁ። ሁለተኛ ሞቷን ልጠራ አልፈለግሁም። እያለቀሰች ስትለምነኝ ግን፣ ትርሲት ትሙት አልኩ።

ሰኞ ሻላ ወረድን። መንገዳችን በአብያታ ዳር ነበር፤ ያኔ አብያታ እስከ ግራሮቹ ሥር የሞላ፣ በፍላሚንጎ የቀላ ሐይቅ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ፍል ውኃው ውስጥ ገባን፤ አንቺ የምትጠበቂ ስለሆንሽ ምናልባት አብረሽ ትስቢኝ ይሆናል ብላ ነበር። ካልሆነም ተመልሼ እንድጠብቃት፣ እሷ እሑድ እሑድ እዚህ ውኃ ውስጥ እንደምትገባ ተስማማን። ጠለቅን። ጆሮዬ ተደፈነ። ከእምብርቴ ሲስበኝ ጣቶቿን አጥብቄ ያዝኩ፤ ጥፍሬ ሥጋዋ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ከዚያ እጄ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ብቅ ስል የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ብርድ ልብስ ይዘው ቆመዋል፤ «እንኳን በሰላም ተመለሱ» አሉኝ። አብያታ ሸሽቶ ነጭ ሶዳ ብቻ ቀርቷል። ኃላፊው ፊት ተቀምጬ ያየሁትን አንድ ሳልዘል ነገርኩት። አስተያየትዎን እንይዛለን አለኝ፤ ለሕዝብ እንዳይነገር፣ ቤተሰቦች እንዳይሸበሩ አደራ አለኝ። እኔ ግን ቤተሰቦችን እንዳላሰበ አውቃለሁ። መንገዱን የሚከፍተው የሚጠብቅ ሰው ከሆነ፣ በየቤቱ እየዞሩ እርማችሁን አውጡ ያሉት እነሱ ናቸው በሩን የዘጉት። ስንት ቤት ሄዳችሁ እንዲህ አላችሁ፣ እርሙ የወጣለትስ ተመልሶ ይጠበቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሰዓቱን ያየው ያኔ ነው።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ እንደ ቃሌ ቤቴ ደረስኩ። እናቴ ሐዋሳ እንዴት ነበር አለችኝ። ደህና ነበር አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ጸበል ነው እያልኩ በሚኒባስ ሻላ እወርዳለሁ። እንፋሎቱ ሥር ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። እንደምትኖር አውቃለሁ፣ እንደምትገባ አውቃለሁ፣ ትመጣለች ብዬ ነው የምቀመጠው፤ አትመጣም። አንድ ሰው ስለማይበቃ ነው? ወይስ እንደ እኔ አንዴ የዘጋ ልብ የሚጠብቅ እየመሰለው ሌላ ነገር ነው የሚያደርገው? በየሳምንቱ ከነጥያቄዬ እመለሳለሁ፤ እቤት ስገባ እናቴ ከሏን ለብሳ ትቀበለኛለች።

በሰኔ አንድ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ብቻውን መጣ። በአዲሱ አዳራሽ «መንገድ ላይ የቀሩ» የሚል ግድግዳ አሠርተው የትርሲትን ፎቶ ሊሰቅሉ ነው፤ ጸሎት ይደረጋል፣ እናቴም መጋረጃውን እንድትገልጥ ተመርጣለች። እናቴ አመሰገነችው። ደንበኛ ፎቶ ፈልጌ እልካለሁ አለችው። በሩን እስኪዘጋ ጠበቅሁ።

«አልሞተችም» አልኳት።

ምስር እየለቀመች ነበር። ማይልኝ ብላኝ እንደነበር ጭምር፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራው ነገርኳት፤ ስለ ወተቱ፣ ስለ ዘበኛው፣ ከበቅሎ ስለመውደቄ፣ ስለ ዓሣ አጥማጁ፣ ስለ ገብሱ። ተዝካሩ ጋ ስደርስ እጇ ቆመ። ትርሲት የፈራችውን ነገር ጠበቅሁ፤ ልይዛት ተነሣሁ።

«ያ ጎንበስ ብሎ እርምዎን ያውጡ ያለኝ ሰውዬ፣ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

ያኔ ላያውቅ ይችላል፣ አሁን ግን ሁሉም ያውቃሉ አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔ ከተመለስኩ ጀምሮ።»

ትሪውን አስቀምጣ ትከሻዬን በመዳፏ መታችኝ። ሕፃን ሆኜ እንኳ እንደዚያ አልመታችኝም። «እሷ ልጅ ናት፤ አትንገሪ ትላለች። አንቺ ታላቅ አይደለሽም? በእንባዬ ዘጋሁት እንበል፤ ታዲያ እኔ ካልከፈትኩት ማን ይክፈተው?»

ከዚያ ቆመች። ጉልበቷን እንደ ወትሮው ሳትይዘው ቆመች።

«እዚያ ያሉት ሴትዮ፣ የማያውቁትን እንግዳ ይጠብቃሉ አላልሽም?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እኔንም ይጠብቁኛል። ልጄ ውኃ ለውኃ ስትንከራተት እኔ እዚህ ምስር ልልቀም?»

መንገዱ በበቅሎ እንደሆነ፣ ዕድሜዋን፣ ጉልበቷን፣ ስኳሯን ጠራሁ። በቅሎ ላይ ነው ያደግሁት፣ የወደቅሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። ጽሕፈት ቤቱ አይፈቅድም አልኳት። ያ ከረባታም መጋረጃ እንድገልጥለት የሚፈልግ ከሆነ መጀመሪያ መንገዱን ይገልጥልኛል አለች። እየተናገረች ከሏን በራሷ ላይ አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው፤ በሸሚዟ ብቻ መካከል ቤት ቆማ ሣጥኑን ከፈተችና ነጭ ቀሚሷን ማውጣት ጀመረች።

«አንቺ እዚህ ትቀመጫለሽ» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታ። «ሁለታችንንም ትጠብቂያለሽ። ብዘገይ ይመጣሉ፤ አውቃቸዋለሁ። መኪናውም ይመጣል፣ ዕድሩም ይመጣል፣ ቄሱም ይመጣሉ። ድንኳኑን ሊተክሉ ካስማውን ሲያወርዱ፣ በር ላይ ቁሚና መልሰው ይጫኑት። እናቴ መንገድ ላይ ናት፣ ልጇን ይዛ እየመጣች ነው በያቸው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።»